የዕድሩ ድንኳንና የስቱዲዮ ዓመቶቼ

አርክቴክቸር ልማር ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት መምህራችን «ቤት መሥራት የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ» አለን። ሁላችንም አወጣን። ረዥም ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጥቁር ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ ሰው ነበር። እጆቻችንን በሐዘኔታ ተመለከተና «ተሳስታችኋል። እኛ እዚህ ቤት አንሠራም፤ ባዶ ቦታን ነው የምንቀርጸው» አለ። እኔ የመጣሁት ከቡሬ ነው። ባዶ ቦታ አገሬ ሞልቷል፤ ለእሱ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ባልመጣሁ ነበር።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ካለችው ትንሽ ቢሮዬ የሚመጡ ወጣት ባልደረቦቼ ኮምፒዩተር ላይ ያደጉ ስለሆኑ የኛን ስቱዲዮ ልንገራቸው። አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ጋደል ያለ የሥዕል ጠረጴዛ፣ በላዩ ቲ ስኩየር የሚባለው ረዥም ማስመሪያ፣ ከጎኑ ካርቶን፣ ምላጭና ኮላ። ማዕረጉም ግልጽ ነበር። ዋናው መምህር ያስባል፣ ረዳት መምህሩ ይቆጣል፣ ተማሪው ይቆርጣል፣ ይለጥፋል። ሥራው ሲያልቅ «ጁሪ» የሚሉት ቀን ይመጣል። ሥዕልህን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ፣ መምህራኑ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ አንተ ቆመህ ትሰደባለህ። ከለቅሶ ቤት የሚለየው ለቅሶ ቤት ሟቹን ጥያቄ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው።

የመጀመሪያው ፕሮጀክት «ራሳችሁን በካርቶን ግለጹ» የሚል ነበር። እኔ ሳጥን ሠራሁ፤ መስኮት አወጣሁለት፣ ክዳን አደረግሁለት። መምህሩ አዙሮ አዙሮ አየውና «አንቺ ከዚህ ውስጥ የት ነሽ?» አለኝ። «ውጭ ነኝ፤ ይኸው ቆሜያለሁ» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። ከአጠገቤ የሚቀመጠው የአዲስ አበባው ልጅ ቢኒያም የተጨማደደ ወረቀት በክር አንጠልጥሎ «ውስጣዊ ግጭት» ብሎ አቀረበ። ከሁላችንም በላይ አገኘ። ወረቀቱን ያጨማደደው ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ እየበላ ነው፤ አብሬው ነበርሁ።

ሁለተኛው የሰዓሊ መኖሪያ ነበር። እኔ የማውቀው ሰዓሊ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን የሣለውን ሰው ብቻ ስለነበር ለእሱ በልኩ ሠራሁለት፦ ጭስ እንዳይገባ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ ሽንት ቤቱ ከጓሮ። መምህሩ «ጉዞው የት አለ? አንድ ቤት ጉዞ ሊኖረው ይገባል» አለ። «ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ደህና ጉዞ አለው» አልሁ። ስቱዲዮውን ወደቅሁ። መልሴ ትክክል እንደነበረ ዛሬም አምናለሁ፤ ለትክክል መልስ ግን ነጥብ የሚሰጥ አልነበረም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠርተው «አንድ ዕድል ቀርቶሻል። ይህን ስቱዲዮ ዳግመኛ ከወደቅሽ ትሰናበቻለሽ» አሉኝ። ችግሩ፣ ቡሬ ላይ እኔ ኢንጂነር ከሆንሁ መቆየቴ ነው። እናቴ የሾመችኝ ገና የመግቢያ ውጤቴ እንደተሰማ ነው። ለዕረፍት ስመጣ ጎረቤቱ የተበላሸ ሬዲዮ ታቅፎ ይመጣል፣ የማይበራ የፀሐይ መብራት ተሸክሞ የሚመጣም አለ፤ አንዱማ በሬው ለምን እንደሚያነክስ ጠይቆኛል። «ኢንጂነሯ ተባረረች» የሚለውን ወሬ እናቴ ገበያ መሀል ስትሰማው ይታየኛል። በዚያን ጊዜ ከዚያ የባሰ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የማለፊያዬ ፕሮጀክት ተሰጠኝ። «ወደየሰፈራችሁ ሂዱ፣ ሰዉ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁ፣ እሱን ሠርታችሁ ኑ» አለን መምህሩ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ግን ኮንሰፕት ይኑረው» ብሎ ጨመረ። ኮንሰፕት ማለት ቤቱ ቤት ከመሆኑ በፊት መሆን ያለበት ነገር ነው፦ ወፍ፣ ቅጠል፣ የተዘረጋ እጅ። ቢኒያም ምሥጢሩን ሹክ አለኝ። «አታካብጂ፣ ስመኝ። መጀመሪያ ሥሪው፤ ከዚያ ወፍ ትፈልጊለታለሽ።» በዚያ ዓመት ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ ግልጹ ይኸ ነበር።

ቲ ስኩየሬን በሚኒባሱ መስኮት አሾልኬ ጉዞ ጀመርሁ። ዱርቤቴ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ አተኩረው አዩትና «ይኸ ምንድር ነው እቴ? ሞፈር ነው?» አሉ። «የቤት መሣያ ነው አባቴ» አልኋቸው። «ደግ። ቤት በሥዕል የሚቆም ከሆነማ እኛስ በእንጨት ምን አለፋን» ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ሰፈራችን ከከተማው ዳር፣ እርሻው ከሚጀምርበት ነው። አባቴ የሰፈሩ ዕድር ንብረት ያዥ ነበር። ንብረቱ ማለት የለቅሶ ድንኳኑ፣ ምሰሶና ካስማው፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች ናቸው። ዕድሩ ቤት ስለሌለው ሁሉም የሚቀመጠው እኛ ዘንድ ነው። ካሉን ክፍሎች አንዷ ከልጅነቴ ጀምሮ «የዕድሩ ክፍል» ትባላለች፤ እኔም የምተኛው እዚያው፣ የታጠፈው ሸራ ጫፍ ላይ ነበር። ክረምት ክረምት ክፍሏ የበሰበሰ ጨርቅ ትሸታለች። እኔ የክረምት ሽታ እንደዚያ ነው ብዬ አድጌያለሁ። የሥዕል ሰሌዳዬንም ያን ዓመት የዘረጋሁት እዚያው ሸራ ላይ ነው፤ ልክ የጠረጴዛ ከፍታ ነበረው።

በነጋታው የዕድሩን ሊቀ መንበር አያ ሞላን ልጠይቅ ሄድሁ። የእህል ወፍጮ አላቸው፤ ሲናገሩም ወፍጮው ባይኖርም ወፍጮውን በሚያሸንፍ ድምፅ ነው።

«አያ ሞላ፣ ዕድሩ ምን ያስፈልገዋል ይላሉ?»

«አዳራሽ!» አሉ ሳያስቡ። «መስታወት ያለው። ባሕር ዳር እንዳየሁት ዓይነት፣ ውጭ ቆመህ ራስህን የምታይበት። ፎቅ ቢሆን አልጠላም።»

«ለለቅሶ ነው?»

«ለለቅሶም ለሠርግም። ለስብሰባም። አንቺ ብቻ ሣይው፤ እግዜር ያውቃል።»

መምህሬ ታላቅ ነገር ይፈልጋል፣ አያ ሞላ ታላቅ ነገር ይፈልጋሉ፣ እኔ ማለፍ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ስምምነት በሽምግልናም አይገኝም። የለቅሶ አዳራሽ ጀመርሁ። ኮንሰፕቱ የእንባ ጠብታ ሆነ። ፕላኑ በአንድ በኩል የሾለ፣ በሌላ በኩል የከበበ፤ በሩ ከሹሉ ጫፍ፣ ጣሪያው ከመሀል ወደ ታች የሚፈስ። ክብ ግድግዳ ሥር ቀጥ ያለ አግዳሚ ወንበር እንደማይገጥም አይቼዋለሁ። ወንበሮቹን ከሥዕሉ አጠፋኋቸውና ተገላገልሁ።

አባቴ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። «ለቅሶው እንግዲህ እዚህ ነው የሚሆን?»

«አዎ አባባ።»

«ሐዘንተኛው ደጁን ጥሎ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ ሊቀመጥ?»

«ዘመናዊ ነው አባባ።»

«ደግ» አለና ሄደ። በኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ሟቹ ደጃፍ ነው። ቤቱን ባዶ ትቶ ሌላ ቦታ የሚያለቅስ የለም፤ ቢኖር መንደሩ ዕድሜውን ሙሉ ያወራበታል። ይኸን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተኛሁት ድንኳኑ ላይ ነው። ግን የእንባው ጠብታ በጣም አምሮብኝ ነበር። ሞዴሉን በነጭ ካርቶን ሠርቼ ስጨርስ አንስቼ የማስቀምጥበት ስላጣሁ ወለሉ ላይ፣ ከሸራው አጠገብ አኖርሁት።

ነሐሴ መሀል ጎረቤታችን አያ አንሙት ሞቱ። ከአዊ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሞት ቀድመው ደርሰው ካስማ የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ጎልማሶቹ መጥተው ሸራውን ከክፍሌ ተሸክመው ወጡ። ካለፈው ለቅሶ እርጥብ እንዳለ ታጥፎ የከረመ ነው፤ ሲዘረጋ ሽታው ደጁን ሞላው። ተተከለ። ከቀብር መልስ ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ፣ የአዊ ዘመዶቻቸው በአማርኛም በአገውኛም ሙሾ እያወረዱ መጡ፣ ዝናቡም እነሱን ተከትሎ መጣ።

ሸራው ውኃ ቋጠረና ከታጠፈበት መስመር ላይ ተተረተረ። ውኃው የወረደው መሀል ላይ፣ ባለቤታቸው እትዬ እናና ከተቀመጡበት ነው። ሰዉ ተነሥቶ ተራወጠ። እሳቸው አልተነሡም። ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ተጣብቆ እንደተቀመጡ «ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድንኳን ሲተክል የኖረ፣ ለራሱ ደረቅ ጨርቅ አጣ» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አያ ሞላ መሬት መሬት ያያሉ። አባቴ ምሰሶውን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱን እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። አፈርሁ። በተማርሁበት ቤት ስለ እንባ ብዙ አውርተናል፤ ስለ ዝናብ ግን ማንም አላነሣም።

ለቅሶው ሲበተን ጎልማሶቹ ሸራውን እንደጨቀየ አጥፈው፣ እንደ ልማዳቸው በራፉ ላይ ቆመው «አንድ፣ ሁለት» ብለው ወደ ክፍሉ ወረወሩት። ሞዴሌ ላይ ዐረፈ። ስደርስ የእንባው ጠብታ ካርቶን ቂጣ ሆኗል።

ጮህሁ። የመጨረሻ ዕድሌ እንደነበር፣ እንደምባረር፣ እናቴ እንደምትዋረድ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። አባቴ አንድም ነገር አያውቅም ነበርና አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «ለምን እዚህ ይጥሉታል!» አልሁት በመጨረሻ።

«የት እናድርገው ልጄ?» አለኝ።

ሊያስተምረኝ ፈልጎ አይደለም። የምርም የት እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። ለሰፈሩ ሁሉ ምን እንደሚያስፈልገው እየዞርሁ ስጠይቅ ስከርም፣ ጥያቄው እኔው ክፍል ውስጥ ታጥፎ፣ እኔም ሰሌዳዬን ጭኜበት ነበር።

በማግሥቱ አዲስ ወረቀት ወጠርሁ። መጀመሪያ የሣልሁት ተራ ዕቃ ቤት ነው፤ ግድግዳና በር። አየሁትና ሳቅሁ፤ እርጥብ ሸራን በር ዘግቶበት ማበስበስማ እኛም ቤት ይቻላል። ሁለተኛው ጣሪያ ብቻ ሆነ። ከጣሪያው ሥር ሸራው ሳይታጠፍ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት አደረግሁ። ከአባቴ ጋር ጓሮ ወጥተን በባሕር ዛፍ አጣና ሞከርነው፤ ሸራው መሬት ጠረገ። አጣናውን ከፍ አደረግን፤ አሁን ደግሞ ሰው አይደርስበትም። በገመድ የሚሳብ ሆነ። እርጥብ ጨርቅ ነፋስ ካላገኘ እንደማይደርቅ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ግድግዳውን ሁሉ አንሥቼ ዝናብ በሚገርፍበት በኩል ብቻ ግማሽ ግንብ ተውሁ። ከሥር ጠጠርና ቦይ፣ ከጎን ለወንበሮቹና ለድስቶቹ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ። ሸራው ያልተሰቀለ ዕለት ዕድርተኛው የሚሰበሰብበት ጥላ ይሆናል። ወፍም ቅጠልም አይመስልም ነበር።

የጁሪው ቀን ሞዴሌን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ከተቀደደው ሸራ የቆረጥሁትን ቁራጭ በውኃ ነክሬ ከጎኑ አኖርሁ። ቢኒያም አሽትቶ «ጨረስሽ፤ ቻው» አለኝና ራቅ ብሎ ቆመ። የእሱ ሥራ በሁለት መዳፎች የታቀፈ የወጣቶች ማዕከል ነበር፤ ሽንት ቤቱን ለመጨመር ረስቶታል።

መምህሩ ሻርፑን ወደ አፍንጫው ሳበ። «ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

«ሳይቱ ነው፤ የሚሠራበት ቦታ።»

«ኮንሰፕትሽስ?»

«ድንኳን ማድረቅ።»

«እሱ ጥቅሙ ነው። ሐሳቡ ከምን መነጨ?»

«ከዝናብ። በሰበሰ፣ ተቀደደ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ላይ ወረደ።»

«ግን ይኼ ዳስ ነው። የሥነ ሕንፃ ጉዞው የት ነው?»

ይኸ ጉዞ የሚሉት ነገር ዳግመኛ ሊያባርረኝ መጣ ብዬ ደሜ ፈላ። ቁራጩን ሸራ አንሥቼ አግዳሚው ላይ ወረወርሁት፣ በገመዱ ሳብሁት፣ ወጣ። ውኃው እየተንጠባጠበ ጠጠሩ ላይ ወረደ፣ በቦዩም ፈሰሰ። «ጉዞው ይኸ ነው» አልሁ። «እርጥብ ይገባል፣ ደረቅ ይወጣል። ሰዎቹ የትም አይሄዱም፤ ደጃቸው ላይ ነው የሚያለቅሱት።»

ቦዩን በደንብ አልለጠፍሁትም ኖሮ ውኃው ወርዶ የረዳት መምህሩን ጫማ ነካ። መምህሩ «ትንሽ ሐሳብ ነው» አለ፤ «ግን ሐሳብ ነው።» የሰጠኝ ከማለፊያ ነጥቦች ሁሉ ዝቅተኛውን ነው። ቢኒያም ከፍተኛውን አገኘ፤ መዳፎቹም ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ውስጥ ተቀመጡ፣ እስክመረቅ ድረስ አቧራ ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ። እኔ ከስቱዲዮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ከደስታ ነው። እናቴ አንድም ነገር ሳትሰማ ቀረች።

ለቀጣዩ ክረምት ሥዕሉን ይዤ ቡሬ ስመለስ አያ ሞላ ወረቀቱን ወዲያም ወዲህም አገላበጡት። «ደግ ነው፤ ደግ ነው። ግድግዳውን መቼ ታመጭዋለሽ?»

«ግድግዳ የለውም አያ ሞላ።»

«መስታወቱስ?»

«መስታወትም የለውም።»

«አዬ! ልጃችን ቤት መሥራት ተምራ ትመጣለች ስንል፣ የሌለውን ቤት ተምራ መጣች» አሉ፤ ወፍጮ ቤቱ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሥዕሉ ተጠቅልሎ ከወፍጮው ጀርባ ተቀመጠ። ዱቄት ለበሰ።

ሥራውን ያስጀመረው አባቴ ነው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነሥቶ «ንብረት ያዥነቱን አልተውም፤ ወገቤ ግን ቀዝቃዛ አልችል ብሏል፤ ክፍሏን እኔ ልተኛባት። ድንኳኑ እስኪ ሊቀ መንበራችን ቤት ይክረም» አለ። እምቢ ማለት ለሊቀ መንበር ነውር ነው። ሸራው እርጥቡን አያ ሞላ ሳሎን ገባ። ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ ባለቤታቸው ገበያ ላይ እናቴን ስታገኛት ሰላምታ የምትሰጣት ከሩቅ ሆነ። መስከረም ሳይጠባ አያ ሞላ የባሕር ዛፍ ግንዱን በራሳቸው ጋሪ አስመጡ፣ መስቀል ሲደርስ የማድረቂያው ምሰሶ ቆሞ ነበር። መስታወት ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከተመረቅሁ በኋላ ፍኖተ ሰላም ላይ ቢሮ ከፈትሁ። ለሱቅና ለመኖሪያ ፈቃድ የሚሆን ፕላን እሠራለሁ፤ ደንበኞቼ አሁንም መስታወት ይወዳሉ።

አባቴ ያረፈው ክረምት ላይ ነው፣ በሐምሌ። ከፍኖተ ሰላም ስደርስ ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተክሎ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፤ የነሐሴ ወንድም ነውና አይራራም። እናቴ መሀል ላይ ተቀምጣለች፣ እትዬ እናና አጠገቧ። ሄጄ ከሥራቸው ተቀመጥሁ። ልቅሶውን ትቼ ቀና አልሁና ያኔ ተተርትሮ በኋላ የተሰፋውን የሸራውን መታጠፊያ ማየት ጀመርሁ፤ የሙያ በሽታ ነው። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከተልሁት። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሸራው የሸተተው ፀሐይ ነው። ያን ጊዜ ነው አባቴ መሞቱ ደርሶ የገባኝ፤ ጮኼ አለቀስሁ። እትዬ እናና ጀርባዬን እያሻሹ «አይዞሽ፣ በደረቅ ተቀምጠንለታል» አሉኝ።

አያ ሞላ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «አየሽ፣ ያ ያሠራሁት ቤት» አሉ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። አባቴም ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ የተቀጠረ አዲስ ምሩቅ ለአንድ ማኅበር አዳራሽ ሣለ፤ ኮንሰፕቱ ንብ ነው። ክንፎቹ አምረዋል። ዕቃቸውን አሁን የሚያስቀምጡት የማን ቤት እንደሆነ ጠየቅሁት። አላወቀም። ሄዶ እንዲያይ ላክሁት፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።